መጀመሪያ ገመዱን አክርሩ

የመጋረጃ ገመድ ነው ያሸወደኝ። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ሲነኩት ደስ የሚል። አንዱን ገመድ ሰንጥቄ ሌላውን በሆዱ እያሳለፍኩ ቀበቶ ልጎነጉን ብዬ፣ እዚህ ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ አሥር ሜትር ገዛሁ፣ እኩል እኩል ቆራረጥኩት፣ ወስፌዬን ይዤ በረንዳው ጥላ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ልሰነጥቀው ስል የሚሰነጠቅ ነገር የለውም! ላዩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው፣ ውስጡ የተጠቀጠቀ ብጥስጣሽ ክር። በወስፌ ብወጋው ክሩን ይበሳዋል እንጂ የሚከፈት መንገድ የለም። ከምሳ በኋላ ጀምሬ እስኪመሽ ታገልኩትና ተውኩት። ቁርጥራጩ አሁን የጓሮ ቲማቲም ማሰሪያ ሆኗል።

እንደኔ ገንዘቡን የሚያቃጥል ሰው እንዳይኖር ነው ይህን የምጽፈው። ስለ ጉንጉኑ ራሱ ብዙ አላወራም፤ ዛሬ ስለ ገመዱ ነው። ምክንያቱም በዚህ ሥራ ገመዱ ጥሩ ከሆነ ቀሪው የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ገመዱ መጥፎ ከሆነ ግን ትዕግሥትም አያድናችሁም።

ሥራው ምንድን ነው? በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለው እኔ ስንጥቅ ጉንጉን እለዋለሁ። ሹሩባ ስትሠሩ አንዱ በሌላው ላይ ያልፋል። ሽመና ላይ ማጉ ከድሩ በላይና በታች እየተመላለሰ ይሄዳል። እዚህ ግን አንዱ ገመድ በሌላው ገመድ ሆድ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ገመዶቹን ጎን ለጎን ታሰልፋላችሁ፣ የግራ ዳሩን ትይዛላችሁ፣ ቀጥሎ ያለውን ገመድ ለሁለት ከፍታችሁ በመሀሉ ታሳልፉታላችሁ፣ ከዚያ በሚቀጥለው፣ ከዚያ በሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ ቀኝ ዳር ይደርሳል። ከዚያ አዲሱን የግራ ዳር ገመድ ትይዛላችሁ። ማግ የለም፣ ድር የለም፣ መወጠሪያ እንጨት የለም። እየጠበቀ ሲሄድ እንደ ቆዳ ጠፍር የማይንቀሳቀስ ነገር ይወጣል።

ሙያው የመጣው ከሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ ከራጃስታንና ከጉጃራት ነው። የታር በረሃ ግመል ነጂዎች ኮርቻው እንዳይንሸራተት በግመሉ ሆድ ሥር አዙረው የሚያስሩትን ሰፊ ማሰሪያ የሚሠሩት እንዲህ ነበር፤ ታንግ ይሉታል። ከፍየል ጠጉርና ከጥጥ ገመድ ነው የሚሠራው፣ በጥቁርና በነጭ፣ አንዳንዱ ላይ ግመል ሁሉ ተስሎበታል። ፒተር ኮሊንግውድ የሚባል እንግሊዛዊ ሸማኔ ይህን ሥራ አጥንቶ በፈረንጆቹ 1998 ወፍራም መጽሐፍ ጻፈበት፤ ዛሬ በየአገሩ ቀበቶ፣ ቅርጫት፣ የአንገት ጌጥ የሚሠሩበት ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ የተማሩ ናቸው። ህንዶች ከባቡሩ ጋር ድሬ ድረስ መጥተው ሲነግዱ ጨርቁን አመጡልን፣ ይሄንን ግን ሳያሳዩን ሄዱ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ግመልም ገመድም የሞላበት ከተማ!

እሺ፣ ወደ ገመዱ።

እንዳንደናገር ሦስት ቃል እንለይ። ክር ማለት ከሱቅ የምትገዙት ቀጭኑ ነው። ብዙ ክር አንድ ላይ ይዛችሁ ስታከሩት ፈትል እለዋለሁ። ፈትሎቹ አንድ ላይ ሲገመዱ ገመድ ይሆናሉ። ክር፣ ፈትል፣ ገመድ። ከዚህ በኋላ ፈትል ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ገመዱ አራት ፈትል ይኑረው። ለምን አራት? ስትሰነጥቁት ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ፣ እኩል ይከፈላል። ገበያ ላይ ያለው የተገመደ ገመድ፣ ናይሎኑም ቃጫውም፣ አብዛኛው ባለ ሦስት ነው። በሦስት የተገመደ ገመድ ፈጥኖ አይበጠስም የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ስትሰነጥቁት አንድ በአንድ ወገን፣ ሁለት በሌላው ይሆንና ጉንጉኑ ወዲህ ወዲያ ያጋድላል። ለልምምድ ይሆናል፣ ለሚታይ ሥራ አይሆንም። ባለ ሁለት ፈትልም ይሰነጠቃል፣ ግን ልፍስፍስ ነው፣ የሚያልፈውን ገመድ ጥርቅም አድርጎ አይይዝም። እንደኔ የመጋረጃ ገመድ የተጎነጎነውን ደግሞ በጭራሽ አትንኩት። ሱቅ ውስጥ ሳትገዙ ጫፉን ወደ ኋላ አዙሩት፤ ፈትሎቹ እየተለያዩ ከተፈቱ የተገመደ ነው፣ ካልተፈቱ ለባለሱቁ አመስግናችሁ መልሱለት።

ሁለተኛው ነገር፣ ዋናው፣ ክረቱ ነው። ሲከር ይበጠሳል ሲባል ስለሰማን ነው መሰለኝ ሁላችንም መጀመሪያ ላይ እናላላዋለን። እኔ ሁለተኛ ሙከራዬን የሠራሁት በማግ ነበር፣ በእጅ የተፈተለ ለስላሳ ጥጥ፣ ለጋቢ የሚሆን። ደስ የሚል ገመድ ወጣው። ወደ ባቢሌ ስንሄድ ይዤው ሄድኩና የግመል ገበያው ጋ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ለሚያወሩ አንድ ሽማግሌ አሳየኋቸው። «አባባ፣ ይሄ ገመድ እንዴት ነው?» አልኳቸው። ተቀብለው በጣታቸው እጥፍ አደረጉት፣ ጨመቁት፣ ሳቁ። «ይሄማ ገመድ አይደለም ልጄ፣ ፎጣ ነው» ብለው መለሱልኝ። ተናደድኩ፣ ግን ልክ ነበሩ። ከዚያ ገመድ የሠራሁት ቀበቶ በሳምንቱ ተለጥጦ ጉልበቴ ደርሷል ማለት ይቻላል።

የላላ ገመድ ሁለት ጥፋት አለው። አንዱ፣ ወስፌው በፈትሎቹ መሀል ሳይሆን በፈትሉ ውስጥ ይገባል። ክሮቹ ስላልተጣበቁ ጫፉ መንገድ ያገኛል፣ እናንተም ሳታዩት አንድ ሁለት ክር ወጋችሁ ማለት ነው። ያ ቦታ ጠጉር ያወጣል፣ ተሳስታችሁ ወደ ኋላ ልትፈቱት ብትፈልጉም አይፈታም። ሁለተኛው፣ የተሰነጠቀው ቦታ ተመልሶ አይዘጋም። ጉንጉኑ የሚጸናው እኮ በቋጠሮ አይደለም። የከረረው ገመድ ተከፍቶ ሲለቀቅ እንደ አፍ ተመልሶ ስለሚገጥም ነው፣ በውስጡ ያለፈውንም ነክሶ ስለሚይዝ ነው። ጥርስ የሌለው ገመድ ምንም አይዝም። ደግሞ በዚህ ሥራ እያንዳንዱ ገመድ አንዴ ሰንጣቂ፣ አንዴ ተሰንጣቂ ነው፤ ተራ በተራ ነው። ከአሥሩ አንዱ ልል ከሆነ ያ ልል ገመድ በየመስመሩ እየዞረ ሁሉንም ያበላሻል።

ገመዱ መድረሱን የማውቀው እንዲህ ነው። በሁለት ጣት ይዤ አጥፈዋለሁ፤ ሲታጠፍ ጠንከር ብሎ ቀስት መሥራት አለበት እንጂ እንደ ማቀፊያ ጨርቅ መውደቅ የለበትም። ከዚያ በሁለት እጄ ተጠጋግቼ እይዝና ከተገመደበት ተቃራኒ ትንሽ አዞረዋለሁ፣ ሁለት ሁለት ፈትል ሆኖ ይከፈታል፣ ስለቀው ቶሎ መዝጋት አለበት። በመጨረሻ ሁለቱን ጫፍ ይዤ መሀሉን አንጠለጥለዋለሁ። እንደ አንገት ሐብል ረጋ ብሎ ከተንጠለጠለ ተመጣጥኗል። በራሱ ላይ ከተጠመዘዘ ክረቱ ወደ አንዱ አድልቷል።

ለምን እንደሚጠመዘዝ በእጃችሁ እዩት። አንድ ክንድ የሚሆን ክር ያዙ፣ ጥርቅም አድርጋችሁ አክርሩት፣ ከዚያ ጫፎቹን አገናኙ። እናንተ ሳትነኩት መሀሉ ተጠምዝዞ በራሱ ይገመዳል። የከረረ ነገር መፈታት ይፈልጋል። አራት ፈትል ሁሉም ወደ ቀኝ ቢከርና አንድ ላይ ወደ ግራ ቢገመድ፣ ፈትሉ ሊፈታ ሲል ገመዱን ያጠብቃል፣ ገመዱ ሊፈታ ሲል ፈትሉን ያከራል። ሁለቱ ተያይዘው ይቀራሉ። የተገመደ ገመድ ሁሉ ምሥጢር ይኸው ነው፣ ከቀጭኑ ጀምሮ እስከ ወፍራሙ ድረስ።

ምን ዓይነት ክር? ጥጥ ጀማሪን አያሳፍርም፣ ግን ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ያለው ጥጥ። እኔ የምጠቀመው የዳንቴል ክር ነው፣ እናቶቻችን ለቴሌቪዥን ማልበሻ የሚሠሩበት። መጀመሪያውኑ በደንብ የከረረ ነው፣ ጠጉር አያወጣም፣ ቀለሙም ብዙ ነው። ለአንድ ፈትል 6 ክር፣ ለገመዱ በሙሉ 24፤ ሲያልቅ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆንልኛል። የሸማኔ ድር፣ የፋብሪካው ማለቴ ነው፣ ጥሩ ነው ግን ቀጭን ስለሆነ ብዙ እጥፍ ይፈጃል። ማግ አይሆንም፣ ተነጋግረናል። የሹራብ ክር በተለይ ሰው ሠራሹ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ይቅር። ናይሎን ጠንካራ ነው ግን ያዳልጣል፣ የተሰነጠቀውን አይነክስም፤ ለጥለት የሚውለው የሚያብረቀርቀው ክርም ያው ነው። ቃጫ እጅ ይልጣል፣ ወፍራም ቅርጫት ለሚሠራ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆማል። የፍየል ጠጉር ካገኛችሁ የዋናው የታንግ ዕቃ እሱ ነው፤ ሻካራ ነው፣ የሚይዘውን ይይዛል፣ ግን አንገት ላይ የሚደረግ ነገር አትሥሩበት፣ ያሳክካል።

አሁን ማክረሩ። በእጅ ጭን ላይ ማድረግ ይቻላል፣ አያቶቻችን አድርገውታል፣ እኔ ግን የጎረቤት ትራፓኖ ነው የምለምነው። ከወፍራም ሽቦ መንጠቆ ትቆለምማላችሁ፣ ትራፓኖው አፍ ላይ ታስሩታላችሁ። ግቢ ውስጥ እንጨት ላይ አራት ሚስማር በአንድ መስመር፣ የመዳፍ ያህል አራርቃችሁ ምቱ።

6 ሜትር ርዝመት ያለው 6 ክር አንድ ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ ሚስማሩ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ ትራፓኖው መንጠቆ ላይ። ወጥራችሁ ይዛችሁ በቀስታ ወደ ቀኝ አዙሩ። በቀስታ! ትራፓኖ ከተፈተለከ ክሩም ጣታችሁም አብረው ይሄዳሉ። ሲከር ያጥራል፣ ስለዚህ እናንተም ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ትሄዳላችሁ። ስንት ዙር እንደሆነ አልቆጥርም፣ ማጠሩን ነው የምለካው። መሬት ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ 6 ሜትሩ 5 ሜትር ከ30 አካባቢ ሲደርስ አቆማለሁ። ሌሎቹ ሦስት ፈትሎችም እዚያው ምልክት ላይ መድረስ አለባቸው። ይህቺ ምልክት ቀላል ትመስላለች ግን ገመዱን የምታድነው እሷ ናት፤ አንዱ ፈትል ከሌሎቹ ከላላ ወይ ከረዘመ፣ ሦስቱ ቀጥ ብለው እሱ ብቻ እንደ ሐረግ ይጠመጠምባቸዋል። እንደዚያ ያለውን ገመድ ምንም አታደርጉትም፣ ጣሉት።

የከረረውን ፈትል ከመንጠቆው ስታወጡ አትልቀቁት። ጫፉን ወዲያው ሌላ ሚስማር ላይ አጥልቁት ወይ ለሰው አስይዙት። እኔ የጎረቤት ልጅ ነው የሚይዝልኝ፣ ክፍያው አንድ ለስላሳ ነው። አንዴ ባጃጅ ስታልፍ ሊያይ ዞር ሲል ለቀቀውና ሙሉው ፈትል ጅራቱን እንደተረገጠ እባብ ግቢውን አዳረሰው። አቦ፣ ከልጅ ጋር ምን ይባላል!

አራቱም ሲከሩ ጫፋቸውን አንድ ላይ መንጠቆው ላይ አድርጉ፣ እዚያው በቆማችሁበት በኩል። አራት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጣውላ ካላችሁ ፈትሎቹን በየቀዳዳው አሳልፉ እንዳይደባለቁ፤ ከሌለ ጣቶቻችሁን በመሀላቸው አድርጉ። አሁን ትራፓኖውን ወደ ግራ። ገመዱ ከእናንተ በኩል እየተገመደ ይሄዳል፣ ጣውላውን እየገፋ ወደ ሚስማሮቹ። አትቸኩሉ፣ ውጥረቱን አትልቀቁ። ልብ በሉ፣ ወደ ግራ ሲገመድ ከፈትሎቹ ክረት ይበላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ አሁንስ በዛ እስክትሉ ማክረር ያለባችሁ። በኔ እጅ 6 ሜትር ክር ተገምዶ ሲያልቅ 4 ሜትር ከ20 ገደማ ይቀራል። በእናንተ ክር ሊለይ ይችላል፣ አንድ ሠርታችሁ ለኩ።

ሁሉንም ገመድ በአንድ አቅጣጫ ግመዱ። የቀኝና የግራ ገመድ ሲቀላቀል መስመሩ የዓሣ አጥንት የመሰለ መልክ ያወጣል፣ አውቀው ሲያደርጉት ያምራል፣ ሳያውቁ ሲሆን ግን የተሳሳተ ጥርስ ይመስላል።

ከዚያ ማርጠብ። ጥጥ ሲረጥብና ተወጥሮ ሲደርቅ የያዘውን ክረት አይረሳም። ሁለቱን ጫፍ በክር ጠፍሬ ውሃ ውስጥ ነክሬ ከጣሪያ ማገር ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ሥሩ ላይ ድንጋይ አስሬ። ትርፍ ክረት ካለው ድንጋዩ በራሱ ጥቂት ዞሮ ይቆማል፤ ይዙር፣ ግን ጥቂት ብቻ፣ ብዙ ከዞረ ያዙት። ሌላ ከተማ ሌሊቱን ማሳደር ሊያስፈልግ ይችላል፣ ድሬ ግን ጠዋት የሰቀላችሁት ለምሳ ይደርቃል። ሙቀታችን ለአንድ ነገር እንኳን ይጥቀም እንጂ። ባለ ቀለም ክር ከሆነ መጀመሪያ ቁራጭ ነክራችሁ እዩ፤ ቀዩ ለቅቆ ነጩን ሮዝ ሲያደርገው አይቻለሁ።

ስትቆርጡ ከመቁረጣችሁ በፊት ነው የምታስሩት፣ በኋላ አይደለም። የሚቆረጠውን ቦታ ግራና ቀኝ በቀጭን ክር ጠፍሩ፣ ከዚያ በመሀሉ መቀስ አስገቡ። ጫፉን ኮላ ቀቡት ወይ የቀለጠ ሰም ውስጥ ንከሩትና ሳይደርቅ በጣታችሁ አሹሉት። ናይሎን ከሆነ በክብሪት ይቀልጣል። የሾለ ጠንካራ ጫፍ ካለው በስንጥቁ ውስጥ ራሱ መንገድ ያገኛል፤ የተበተነ ጫፍ ግን በየስንጥቁ ያስለቅሳችኋል፣ ክረቱም ከዚያው ጫፍ እየተፈታ ይሄዳል።

መሰንጠቂያውን ለብቻው ልጻፍበት ይሻላል፣ ግን በአጭሩ፦ ወስፌ ይበቃል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ስፌት የሚሰፉ እናቶች የሚይዙት ዓይነት። የነሱ ወስፌ ግን ሹል ነው፣ ሥራው መብሳት ነዋ፤ የኛ ሥራ መክፈት ስለሆነ ጫፉን ድንጋይ ላይ አሽታችሁ አደንዝዙት። ወስፌው ሲከፍት በጎኑ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ታስገባላችሁ፣ የገመዱን ጫፍ በሽቦው አፍ ይዛችሁ ትስባላችሁ።

ሁለት ቀለም ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ብዙ ጊዜ ስላስጠፋኝ። በአንድ ገመድ ውስጥ ሁለት ጥቁርና ሁለት ነጭ ፈትል ብታደርጉ፣ ስትሰነጥቁ ጥቁሮቹን ወደ ላይ፣ ነጮቹን ወደ ታች፣ ወይም በተቃራኒው መምረጥ ትችላላችሁ፤ ፊቱ ጥቁር የሆነበት ቦታ ጀርባው ነጭ ይሆናል። ቅርጽ የሚሣለው በዚህ ነው። ግን ይህ የሚሠራው ሁለቱ ጥቁሮች ጎረቤት ሆነው ከተገመዱ ነው። ሚስማሩ ላይ ስትሰቅሉ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ነጭ። እኔ መጀመሪያ ያማረ መስሎኝ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ ሰቅዬ ስምንት ገመድ ገመድኩ፤ በየትም በኩል ሰንጥቁት አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ነው የሚወጣው። ዝንጉርጉር ቀበቶ ሆነ። ጓደኛዬ ወስዳዋለች፣ ሆን ብዬ ያደረግኩት ይመስላታል።

ስለ ርዝመት፦ ገመዱ በጉንጉኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ እያጋደለ ነው የሚሄደው፣ በየስንጥቁም ትንሽ ይበላል። ለአንድ ሜትር ቀበቶ 1 ሜትር ከ80 ገመድ እቆርጣለሁ፣ በዚያ ላይ መጨረሻ ላይ ለመያዣ አንድ ስንዝር። ከላይ ያልኩት 4 ሜትር ከ20 ለሁለት ሲቆረጥ በቂ ነው ማለት ነው። ለቀበቶ ከ8 እስከ 10 ገመድ ውሰዱና መጀመሪያ የጣት ርዝመት ያህል ጎንጉናችሁ ስፋቱን ለኩ። አይ ካላችሁ ገና ሳይረፍድ ጨምሩ ወይ ቀንሱ። ከዚያ ናሙና የሚተርፈው እንዳይጣል፤ የኔ የመጀመሪያው ናሙና ባለ ስድስት ገመድ ቁልፍ መያዣ ሆኖ የጎረቤቴ ባጃጅ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቅባቱ ጥቁር አድርጎታል እንጂ አንድም ስንጥቅ አልላላም።